የአባይ በረሃ ጥቁር ድንጋይ ለምን ከላይ ሆነ?

የጠያቂው መልእክት በአጭሩ ይህ ነው፦ «በደጀን አካባቢ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼን ይዤ ወደ አባይ በረሃ በወረድን ጊዜ ከላይ ጥቁር ድንጋይ፣ ከሥሩ ነጣ ያለ፣ ወንዙ ዳር ደግሞ ቀይ ድንጋይ አየን። የማስተምርበት የአለት ዑደት ሥዕል ግን መጀመሪያ እሳት ወለድ አለት ይፈጠራል፣ እሱ ተሸርሽሮ ዝቃጭ አለት ይሆናል፣ ዝቃጩ ሲጫነው ደግሞ ወደ ልውጥ አለት ይቀየራል ይላል። እንዲህ ከሆነ እሳት ወለዱ ጥቁር ድንጋይ ከሁሉም በታች መሆን አልነበረበትም? ወይስ ነጩ ድንጋይ ጥቁሩ ሲጫነው የተለወጠ ነው? ለትምህርት ቤታችን ናሙና ሰብስበን በቀለም ለይተን ልናስቀምጥ አስበናልና ምን ይመክሩናል?»

ነጩ ድንጋይ ከጥቁሩ የተለወጠ አይደለም፤ ጥቁሩም ከሁሉ ቀድሞ የተፈጠረ አይደለም። በአባይ በረሃ ያያችሁት ንብብር የሚነበበው ከታች ወደ ላይ ነው። ወንዙ ዳር ያለው ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ቀድሞ ተቀመጠ፤ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ተከተለው፤ ጥቁሩ ድንጋይ ደግሞ ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ከመሬት ውስጥ ቀልጦ ወጥቶ እንደ ክዳን ተደፋበት። በኖራ ድንጋዩና በጥቁሩ ድንጋይ መካከል ያለው የዕድሜ ልዩነት ከ100 ሚሊዮን ዓመት ይበልጣል። ስለዚህ ዐይናችሁ ያየው ትክክል ነው፤ መስተካከል ያለበት ሥዕሉን የምናነብበት መንገድ ነው።

የአለት ዑደት ብዙ ጊዜ የሚሣለው ከእሳት ወለድ አለት ተነሥቶ በክብ በሚዞሩ ቀስቶች በመሆኑ፣ ተማሪ ሲያየው ከአንደኛ ክፍል ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ እንደ መዛወር አድርጎ ይረዳዋል። አለት ግን እንዲህ ያለ የዝውውር ሥርዓት የለውም። ማንኛውም ዓይነት አለት ወደ ማንኛውም ዓይነት ሊለወጥ ይችላል፤ ዝቃጩ ተሸርሽሮ እንደገና ሌላ ዝቃጭ ሊሆን ይችላል፤ እሳት ወለዱ በዝቃጭነት ሳያልፍ በቀጥታ ልውጥ ሊሆን ይችላል፤ ልውጡም እንደገና ሊቀልጥ ወይም ወደ ላይ ወጥቶ ተፈርፍሮ አሸዋ ሊሆን ይችላል። የሚወስነው ተራ ሳይሆን አለቱ የደረሰበት ሁኔታ ነው፦ ቀልጧል ወይስ አልቀለጠም፣ ተሸርሽሯል ወይስ አልተሸረሸረም፣ ሳይቀልጥ በሙቀትና በግፊት ታሽቷል ወይስ አልታሸም። ምንም ካልደረሰበት ደግሞ ለመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት ባለበት ይቀመጣል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ በሥዕሉ ላይ ቀስት ስለሌለው ይረሳል፤ ለጥያቄያችሁ ግን ዋናው መልስ እሱ ነው።

ሦስቱ ስሞች የአወላለድ ስሞች እንጂ የዕድሜ፣ የቀለም ወይም የቦታ ስሞች አይደሉም። እሳት ወለድ የምንለው ከቅልጥ የረጋውን ሁሉ ነው። እዚህ ላይ በብዙ ክፍሎች አሁንም የሚሰማ አንድ እምነት ማረም ያስፈልጋል፤ ይኸውም ከመሬት ቅርፊት በታች ያለው ሁሉ የቀለጠ ባሕር ነው የሚለው ነው። ማንትል የሚባለው ከቅርፊቱ በታች ያለው ክፍል እጅግ የጋለ ቢሆንም በአብዛኛው ጠጣር ነው፤ ከላይ የተጫነው ክብደት እንዳይቀልጥ ይዞታል። ይህ የጋለ አለት ከጥልቁ ቀስ እያለ ወደ ላይ ሲወጣ ጫናው ይቀልለታል፤ ጫናው ሲቀል የሚቀልጥበት የሙቀት መጠን ዝቅ ስለሚል፣ ተጨማሪ እሳት ሳያስፈልገው ከፊሉ ይቀልጣል። የኢትዮጵያ ጥቁር ድንጋይ በአብዛኛው የመጣው በዚህ መንገድ ነው። በሌሎች የዓለም ክፍሎች፣ ለምሳሌ የውቅያኖስ ወለል ከአህጉር ሥር በሚሰምጥበት ቦታ፣ ወደ ጥልቁ የሚገባው ውሃ የመቅለጫ ሙቀቱን ዝቅ በማድረግ ቅልጥ ያስገኛል።

ቅልጡ የት እንደረጋ በድንጋዩ ላይ ይጻፋል። በጥልቀት ውስጥ በሺህዎችና በሚሊዮኖች ዓመታት ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ማዕድናቱ ለማደግ ጊዜ ስለሚያገኙ እንደ ግራናይት በዐይን የሚቆጠሩ ቅንጣቶች ይኖሩታል። ገጸ ምድር ላይ ፈስሶ በቀናትና በዓመታት ውስጥ ከረጋ፣ እንደ ባዛልት ቅንጣቶቹ በዐይን የማይለዩ ደቃቅ ይሆናሉ፤ የአባይ በረሃው ጥቁር ድንጋይም ባዛልት ነው። ማዕድናቱ ለመደርደር ጊዜ እስኪያጡ ድረስ በፍጥነት የረጋው ደግሞ እንደ ጠርሙስ የሚያብረቀርቀው፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የሚገኘው ባልጩት ነው። ጎበዝ ተማሪ ቅንጣት አይቶ ብቻ ስለ አንድ እሳት ወለድ ድንጋይ የቅዝቃዜ ታሪክ ግማሹን መናገር ይችላል።

አሁን ወደ በረሃው እንውረድ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ እንደገና የሚወጣ በመሆኑ፣ በአንድ ቀን ውስጥ ይህን ያህል የመሬት ታሪክ በእግር የሚታይበት ቦታ በአገራችን ብዙ የለም። ወንዙ ዳር ያለው ቀይ ድንጋይ የአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ ይባላል። ስሙ ትግራይ ውስጥ መጀመሪያ በደንብ ከተገለጸበት ቦታ የመጣ ነው እንጂ ድንጋዩ ከአዲግራት ተጉዞ አልመጣም፤ ተማሪዎች ይህን ይጠይቃሉና መንገር ይገባል። ይህ ድንጋይ በአብዛኛው ኳርትዝ የሚባል ጠንካራ ማዕድን አሸዋ ሲሆን፣ ከ200 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ወንዞች ከዚያ የሚበልጡ አሮጌ ተራሮችን እየሸረሸሩ ያመጡት ነው። በእጃችሁ ይዛችሁ ብታዩት ቅንጣቶቹ እንደ ስኳር ይታያሉ፤ በጣት ሲታሹ አንዳንዱ ይረግፋል። መቅላቱ በአሸዋው ቅንጣቶች ላይ ከተለበጠው ጥቂት የብረት ዝገት ነው። አሸዋው ድንጋይ የሆነው በላዩ የተደረበው ክብደት ስላመቀው፣ በቀዳዳዎቹ ያለፈው ውሃም ሲሊካና ሌሎች ማዕድናትን እንደ ሲሚንቶ ስላስቀመጠበት ነው።

ከዚያ በላይ የሚመጣው የጭቃ ድንጋይና የጄሶ ንብብር ነው። ጄሶው ስለ አካባቢው ብዙ ይናገራል፤ ጄሶ በብዛት የሚቀመጠው ጥልቀት የሌለው የባሕር ውሃ ተገድቦ በፀሐይ ሲተን ነውና፣ በዚያ ዘመን ባሕሩ እስከዚህ ድረስ መድረስ ጀምሮ ነበር ማለት ነው። ባሕሩ ከምሥራቅና ከደቡብ ምሥራቅ፣ በዛሬው ኦጋዴን በኩል ገባ፤ ጎንድዋና የሚባለው ግዙፍ አህጉር መሰንጠቅ የጀመረበት ጊዜ ነበር። ባሕሩ እየሰፋ ሲሄድ በወለሉ ላይ የዛጎልና የሌሎች የባሕር ፍጥረታት ስባሪ፣ ከካልሲየም ካርቦኔት ጭቃ ጋር እየተከማቸ ነጣ ያለውን ንብብር ሠራ። የሥነ ምድር ባለሙያዎች የአንታሎ የኖራ ድንጋይ ይሉታል፤ ዕድሜው በጥቅሉ ከ150 እስከ 165 ሚሊዮን ዓመት ነው። ከመንገዱ ጠርዝ አንድ ስባሪ አንሥታችሁ በውሃ አርጥባችሁ ወደ ፀሐይ ብታዞሩት፣ እንደ ጥፍር ስባሪ የጎበጡ ቀጫጭን መስመሮች ታያላችሁ፤ የዛጎል ቁርጥራጮች ናቸው። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ ቆሞ የባሕር ፍጥረት ቅሪት መያዝ ለአንድ ተማሪ የሚሰጠውን ትምህርት የትኛውም የሰሌዳ ሥዕል አይሰጠውም። በባሌ የሶፍ ዑመር ዋሻን ያስገኘው የኖራ ድንጋይም የዚሁ የባሕር ዘመን ልጅ ነው፤ የወይብ ወንዝ ድንጋዩን እያሟሟ ነው ያንን ሁሉ አዳራሽ የከፈተው። በኋላ ባሕሩ ሲያፈገፍግ ወንዞች ተመልሰው ሌላ አሸዋ አለበሱት፤ ይህ የላይኛው የአሸዋ ድንጋይ በደብረ ሊባኖስ ገደል ጎልቶ ስለሚታይ በዚያ ስም ይጠራል።

ጥቁሩ ድንጋይ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከጥልቁ የተነሣ የጋለ አለት ከሥር ገፍቶ፣ መሬቱ በረጃጅም ስንጥቆች ተከፍቶ፣ ላቫው፣ ማለትም ገጽ ላይ የወጣው ቅልጥ፣ እንደ ጎርፍ ሜዳውን ሸፈነው። ሙቀቱ ከ1,100 እስከ 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ቀጭን ላቫ ስለነበር ክምር ተራራ ከመሥራት ይልቅ ሩቅ ፈስሶ ተኛ። በአንዳንድ ቦታዎች የንብብሩ ውፍረት 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ አብዛኛውም የወጣው በ1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ መሆኑን ልኬቶች ያሳያሉ። ለሥነ ምድር ይህ እጅግ አጭር ጊዜ ነው። እንደ ጮቄና ጉና ያሉት ተራሮች ከዚያ በኋላ በዚህ ወለል ላይ የተነሡ ሰፋፊ እሳተ ገሞራዎች ናቸው።

ከደጀን በታች በመንገዱ ቆረጣ ላይ ይህን ጥቁር ድንጋይ ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱት፤ አንድ ወጥ አይደለም። እያንዳንዱ ፍሰት ከሥሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ ወደ ላይ ሲሄድ ደግሞ ጋዙ ሊያመልጥ ሲል በተዋቸው ቀዳዳዎች የተወጋ ነው። በቀዳዳዎቹ ውስጥ ነጫጭ ማዕድናት ሞልተው ድንጋዩ ዥንጉርጉር ሆኖ ይታያል፤ እነዚህ ከላቫው በኋላ በውስጡ ያለፈ ውሃ ያስቀመጣቸው ናቸው። በአንዳንድ ፍሰቶች ላይ ድንጋዩ ሰው እንዳነጸው ባለ አምስትና ባለ ስድስት ጎን ዓምድ ሆኖ ይቆማል፤ ላቫው ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር፣ ሲደርቅ እንደሚሰነጣጠቅ የዋልካ መሬት በጎን በጎኑ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ቅዝቃዜውን ተከትሎ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ከሁሉ በላይ እንድታሳዩአቸው የምፈልገው ግን በሁለት ፍሰቶች መካከል የምትታየውን ቀጭን ቀይ መስመር ነው። እሷ ድሮ አፈር ነበረች። አንዱ ላቫ ከረጋ በኋላ ቀጣዩ እስኪመጣ ድረስ ጊዜ አልፎ፣ ድንጋዩ ወደ አፈር ተለውጦ፣ ከዚያ ቀጣዩ ላቫ መጥቶ እንደ ሸክላ ጠብሷታል።

ይህች ቀይ መስመር ሁለተኛውን ጥያቄ ለመመለስ ትረዳለች። ጥቁሩ ድንጋይ በክብደቱና በሙቀቱ ከሥሩ ያለውን ለምን ወደ ልውጥ አለት አልቀየረውም? ሙቀቱን በተመለከተ፣ በአየር ላይ የሚፈስ ላቫ ሙቀቱን ቶሎ ይለቃል፤ ከሥሩ የሚጠብሰው ጥቂት ውፍረት ያለውን ብቻ ነው፣ ቀይዋ መስመር ቀጭን የሆነችውም ለዚህ ነው። ክብደቱን በተመለከተ ደግሞ ሒሳቡን ከተማሪዎች ጋር ልትሠሩት ትችላላችሁ። ወደ ቅርፊቱ በወረድን ቁጥር ሙቀት በአማካይ በ1 ኪሎ ሜትር ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይጨምራል። የኖራ ድንጋዩ በላዩ 2 ኪሎ ሜትር ላቫ ተሸክሞ ነበር ብንል እንኳ፣ የገጹን 20 ዲግሪ ጨምረን ከ80 ዲግሪ ብዙም አይበልጥም። አለት ሳይቀልጥ ማዕድናቱን መለወጥ የሚጀምረው በጥቅሉ ከ150 እስከ 200 ዲግሪ ባለው ወሰን ነው፤ ጥራት ያለው እምነ በረድ ለመሆን ደግሞ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ሙቀት ያስፈልገዋል። ስለዚህ የአባይ የኖራ ድንጋይ ታምቋል፣ ጠንክሯል፤ አልተለወጠም። ዛጎሎቹ እስካሁን መታየታቸው ለዚህ ምስክር ነው፤ እምነ በረድ ቢሆን ኖሮ ማዕድኑ እንደ አዲስ ሲደረደር የዛጎሉ ቅርጽ በጠፋ ነበር።

እዚህ ላይ ሙቀት ብቻ እምነ በረድ ያስገኛል የሚለውን ግምትም ማንሣት ተገቢ ነው። የኖራ ድንጋይ በክፍት ምድጃ ውስጥ ወደ 900 ዲግሪ ቢሞቅ እምነ በረድ አይሆንም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ያመልጥና ኖራ ይሆናል። ኖራ አቃጣዮች የሚያውቁት ነገር ነው፤ የሲሚንቶ ፋብሪካዎችም የሚጠቀሙበት ይህንኑ ነው። እምነ በረድ እንዲገኝ ጋዙን አፍኖ የሚይዝ ግፊት ያስፈልጋል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ሆል በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የተፈጨ የኖራ ድንጋይን በጠመንጃ አፈሙዝ ውስጥ አሽጎ በማሞቅ፣ ሳይፈርስ እምነ በረድ ወደሚመስል ድንጋይ እንዲረጋ በማድረግ ይህን አሳይቷል። ልውጥ አለት እንግዲህ የሙቀት፣ የግፊትና የረጅም ጊዜ ድምር ነው፤ ብዙ ጊዜም በድንጋዩ ውስጥ የሚዘዋወር ትኩስ ፈሳሽ ይጨመርበታል።

በኢትዮጵያ እነዚህ የተሟሉት አህጉሮች በተጋጩበት ዘመን ነበር። ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ወደ ኋላ በሚሄድ ጊዜ፣ ጎንድዋና ሲገጣጠም፣ የባሕር ወለል፣ የደሴት እሳተ ገሞራና ደለል በግጭቱ ውስጥ ታሽተው ወደ ጥልቁ ገቡ፤ ጭቃው ወደ ስሌትና ሺስት፣ የኖራ ድንጋዩ ወደ እምነ በረድ፣ ላቫው ወደ አረንጓዴያማ ልውጥ አለት፣ ግራናይቱም ወደ ናይስ ተለወጠ። ዛሬ በትግራይ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝና በደቡብ በአዶላ አካባቢ ከላዩ የነበረው ተሸርሽሮ ገጽ ላይ የሚታየው ይህ ጥንታዊ መሠረት ነው፤ የለገደንቢ ወርቅም ከዚሁ አለት ጋር የተያያዘ ነው። በገበያ ላይ የምናየው የትግራይና የቤኒሻንጉል እምነ በረድ ከዚህ አሮጌ መሠረት የሚወጣ እንጂ ከአባይ በረሃው የኖራ ድንጋይ የተለወጠ አይደለም። እናንተ በምትወርዱበት መንገድ ዳር ይህ መሠረት አይታይም፤ ከቀዩ የአሸዋ ድንጋይ በታች ተቀብሯል፤ አባይን ተከትሎ ወደ ምዕራብ ለሚወርድ ግን ይገለጣል። የሕዳሴው ግድብ የቆመበት የጉባ አካባቢም የዚህ ጥንታዊ አለት አገር ነው። ስለዚህ ከበረሃው ጉብኝት ሦስቱንም ዓይነት ይዤ እመለሳለሁ ብላችሁ አታቅዱ፤ ሁለቱን ታገኛላችሁ፣ ሦስተኛውን ከሌላ ቦታ ታስመጣላችሁ።

ገደሉ ራሱ ከንብብሩ ሁሉ ያነሰ ዕድሜ አለው። መሬት ተሰንጥቃ የከፈተችው የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ስምጥ ሸለቆን በእርግጥ የሠራው መሰንጠቅ ነው፣ የአባይን በረሃ ግን በዋናነት የቆፈረው ወንዙ ነው። ደጋው ከላቫው ጎርፍ በኋላ ከፍ እያለ ሲሄድ ወንዙ ወደ ታች መቁረጡን ቀጠለ። ማስረጃው ቀላል ነው፦ በጎሐ ጽዮን በኩል ያለው ንብብርና በደጀን በኩል ያለው በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ይገጥማሉ፤ አንድ እንጀራ በመሃሉ ሲቆረጥ በሁለቱም በኩል ዐይኑ እንደሚገጥም ማለት ነው።

ዑደቱ ዛሬም በዐይን ይታያል፤ ለተማሪ ደግሞ የሩቁን ዘመን ከማስታወስ የቅርቡን ማሳየት ይሻላል። የክረምት አባይ የሚደፈርሰው የደጋውን ባዛልት አፈር ተሸክሞ ስለሚወርድ ነው፤ ለዘመናት ሱዳንንና ግብፅን ያዳበረው ደለል በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የሄደ ጥቁር ድንጋይ ነበር። ባዛልቱ አፈር የሚሆነው በመፈርፈር ብቻ አይደለም፤ የዝናብ ውሃ ከአየርና ከዕፅዋት ሥር የሚያገኘው አሲድ ማዕድናቱን ቀስ በቀስ ያፈርሳቸዋል፣ ወደ ሸክላም ይለውጣቸዋል። ውሃው በሚተኛበት ሜዳ ጥቁሩ መረሬ ይሆናል፤ በሚጠፈጠፍበት ተዳፋት ደግሞ ብረቱ ዝጎ ቀይ አፈር ይሆናል። በዚህ አጋጣሚ ገበሬዎች «ድንጋይ ያድጋል» የሚሉትን ተማሪዎች ስለሚያነሡት መልሱን ልስጥ። ድንጋይ አያድግም፤ ነገር ግን የመረሬ አፈር ሲርስ እያበጠ፣ ሲደርቅ እየተሰነጠቀ ድንጋዩን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ጎርፍም አፈሩን ጠርጎ የተቀበረውን ይገልጠዋል። ገበሬው በየዓመቱ አዲስ ድንጋይ ማየቱ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን የአፈሩ መንቀሳቀስና መጠረግ ነው፣ ይህም ለእርሻው ማስጠንቀቂያ ነው።

አዲስ እሳት ወለድ አለት ሲወለድም በአፋር አይተናል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ መሬት ተከፍታ፣ በ60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ቅልጥ ወደ ስንጥቁ ገብቶ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መሬቱን እስከ 8 ሜትር አራርቆታል፤ የቅልጡ አብዛኛው ክፍል ገጽ ላይ ሳይወጣ እዚያው ውስጥ ረጋ። በዚያው ክልል በዳሎልና በአሳሌ አካባቢ ደግሞ ተራራና ወንዝ ያልተሳተፈበት ዝቃጭ አለት አለ፦ ጨው። ቀይ ባሕር ወደ ዝቅተኛው ሜዳ ገብቶ ሲተን የቀረው ነው። አሞሌ በእጁ ይዞ የነገደ ነጋዴ ሁሉ አንድ ቁራጭ ዝቃጭ አለት ለገንዘብ ሲጠቀምበት ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ናሙናው እንምጣ። በቀለም መለየትን እንድትተዉት አጥብቄ እመክራለሁ። ቀይ ብላችሁ በአንድ መደርደሪያ የምታስቀምጡአቸው ሦስት ድንጋዮች፣ ማለትም የወንዙ ዳር የአሸዋ ድንጋይ፣ ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉት ቀዳዳማ የእሳተ ገሞራ ጠጠርና በሁለት ላቫ መካከል የተጠበሰው አፈር፣ በአወላለድ አይገናኙም። የገርዓልታ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉት በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ነው፤ የላሊበላዎቹ ደግሞ ከእሳተ ገሞራ በተገኘ ባዛልታዊ አለት ውስጥ፤ በፎቶግራፍ ሁለቱም ቀይ ናቸው። በተቃራኒው ነጭ የእሳተ ገሞራ አመድና ጥቁር የኖራ ድንጋይ መኖራቸው የታወቀ ነው። ባዛልቱም ራሱ በቆየ ቁጥር ቆዳው ቡናማ ስለሚሆን፣ ድንጋይ ሁልጊዜ በመዶሻ ተሰብሮ አዲሱ ገጽ መታየት አለበት።

በሦስቱ ስሞች ብቻ መለየትም ይቻላል፤ ነገር ግን ተማሪው ስሙን ቀድሞ ሲያውቀው መመልከቱን ይተዋል። የምመክረው በተገኙበት ቦታና በንብብሩ ቅደም ተከተል፣ በረሃው እንዳለ በመደርደሪያው ላይ እንዲቀመጡ ነው፤ የታችኛው ከታች፣ የላይኛው ከላይ። ለእያንዳንዱ ናሙና የወጣበት ቦታና ከፍታ፣ ከሥሩና ከበላዩ ምን እንዳለ፣ ከራሱ ከቆመው አለት ተቆርጦ እንደሆነ ወይስ ተንከባልሎ የወደቀ እንደሆነ በቦታው ላይ ይጻፍ። ወደ ክፍል ተመልሶ በማስታወስ የሚጻፍ መለያ ዋጋ የለውም፤ ከላይ የተንከባለለ ባዛልት ወንዝ ዳር ተነሥቶ የታችኛው ንብብር ተብሎ ሲመዘገብ በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ከዚያ ቀላል ፈተናዎች ይደረጉ። በጥፍር የሚጫር ነጭ ድንጋይ ጄሶ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ጥፍር እምቢ ብሎ ሚስማር ሲጭረው የኖራ ድንጋይ መሆኑን ጠርጥሩ፤ ቅንጣቱ መስታወት የሚጭር ከሆነ ኳርትዝ አለበት። የኖራ ድንጋይ በተፋቀ ዱቄቱ ላይ የሎሚ ጭማቂ ወይም ጠንካራ ኮምጣጤ ሲንጠባጠብ ደቃቅ አረፋ ያወጣል፤ ጄሶና ባዛልት ግን አያወጡም። በባዛልቱ ቀዳዳ ውስጥ ያለው ነጭ ማዕድን አረፋ ቢያወጣ አትደናገጡ፤ ውሃ ያስቀመጠው ካልሳይት፣ ማለትም የኖራ ድንጋይ የሚሠራበት ማዕድን ነው እንጂ ድንጋዩ የኖራ ድንጋይ ሆኖ አይደለም። አረፋውን በፍጥነት ለማየት ብላችሁ የመኪና ባትሪ አሲድ አትጠቀሙ፤ ዐይንና ቆዳ ይጎዳል፣ ለዚህ ፈተናም አያስፈልግም።

ይህ ዘዴ የማይደርስባቸው ነገሮች አሉ። ዕድሜ በዐይንና በመዶሻ አይታወቅም። የባዛልቱ ዕድሜ የሚለካው በውስጡ ያለው ፖታሲየም ወደ አርጎን በሚለወጥበት መጠን በላቦራቶሪ ነው፤ የኖራ ድንጋዩ ዕድሜ ደግሞ በያዛቸው ቅሪተ አካላት ይገመታል። ዝቃጭ አለትን በቀጥታ መለካት አስቸጋሪ ስለሆነ ባለሙያው በመካከሉ የእሳተ ገሞራ አመድ ይፈልጋል፤ በ1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት መሆኗ የታወቀው በዙሪያዋ ባሉት የእሳተ ገሞራ ንብብሮች ነው። ደቃቅ ጥቁር ድንጋይ ሁሉም ባዛልት አይደለምና፣ አጠራጣሪው እስከ 0.03 ሚሊ ሜትር ተሞርዶ በማይክሮስኮፕ ካልታየ በስተቀር በመለያው ላይ «ደቃቅ ጥቁር እሳት ወለድ» ተብሎ ቢጻፍ ይበቃል። ዛጎል የሚታይባቸውን ስባሪዎች ከወደቀው ላይ መመልከትና ፎቶ ማንሣት ይቻላል፤ ሙሉ ቅሪተ አካል ካጋጠማችሁ ግን አትቆፍሩት፤ በሕግ ቅርስ ስለሆነ ቦታውን መዝግባችሁ ለሚመለከተው የቅርስ መሥሪያ ቤት አሳውቁ።

ጉዞውን ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት አድርጉት። የጭቃ ድንጋዩና የጄሶው ንብብር ውሃ ሲጠጣ ስለሚላላ፣ ከላዩ የተከመረውን የባዛልት ፍርስራሽ ይዞ ይንሸራተታል፤ መንገዱ በየክረምቱ የሚጎዳው በዚሁ ምክንያት ነው። በዓምዳማው ባዛልት ገደል ሥር ተማሪ አታቁሙ፣ ከላይ ሌላ ቡድን እያለም ከታች አትሥሩ። መኪናው ሰፋ ያለ ዳር ባለበት ብቻ ይቁም። አራት ማቆሚያ ይበቃችኋል፦ አንዱ ከደጀን በታች በጥቁሩ ድንጋይ፣ ሁለተኛው በኖራ ድንጋዩ፣ ሦስተኛው በጄሶው፣ አራተኛው ከድልድዩ አጠገብ በቀዩ የአሸዋ ድንጋይ። ማስረዳቱን ግን ከድልድዩ ጀምሩ፤ ስትወርዱ ተማሪዎቹ ይዩና ይጻፉ፣ ስትወጡ ደግሞ ድንጋዮቹ በተቀመጡበት ቅደም ተከተል አስተምሯቸው።